ሰባራ ድልድይ፦ የአንድ መሻገሪያ ታሪክ ከኖራ እስከ ብረት ገመድ



የዛሬው ርእሴ ተንጠልጣይ ድልድይ ነው። ይህ ስም ሲነሳ የብዙዎቻችሁ ሐሳብ ወደ ሳን ፍራንሲስኮው ጎልደን ጌት ወይም ወደ ኒው ዮርኩ ብሩክሊን እንደሚሄድ አውቃለሁ። እኔ የመረጥሁት ግን በጎጃም በሞጣና በደቡብ ጎንደር በአንዳቤት መካከል፣ አባይ በጥልቅ ሸለቆ ውስጥ ጠብቦ በሚያልፍበት ቦታ የሚገኘውን መሻገሪያ ነው። ሕዝቡ ሰባራ ድልድይ ይለዋል። በአንድ ቦታ ላይ በ350 ዓመት ውስጥ የድንጋይ ድልድይ፣ በሰው እጅ የሚሳብ ገመድ፣ የብረት ድልድይ፣ በመጨረሻም የብረት ገመድ ድልድይ ተፈራርቀውበታል። የአንድን ሙያ ታሪክ በአንድ ቦታ ላይ ተደርቦ ለማንበብ ከዚህ የተሻለ ምሳሌ በሀገራችን አላየሁም። በገለጻዬ የምጠቅሳቸው ዓመታት፣ ለይቼ ካልተናገርሁ በቀር፣ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ከድልድዩ በፊት አባይን መሻገር ምን ይመስል እንደ ነበር ማስታወስ ያስፈልጋል። ከጣና ዙሪያ ያሉ ሰዎች ከደንገል የተሠራ ታንኳ ነበራቸው። ወደ ቆላው ሲወረድ መሻገሪያው መልካ ነው፤ መንገደኛውም ንብረቱን በጀንዲ ጠቅልሎ፣ ዋና የሚችሉ የአካባቢው ሰዎች እየገፉትና እየጎተቱት ይሻገር ነበር። ይህም በበጋ ነው። ከሐምሌ እስከ መስከረም ወንዙ ሲሞላ ጎጃምና በጌምድር በተግባር የተለያዩ ሀገሮች ይሆኑ ነበር። ንጉሥ በአንዱ ዳር ሆኖ ሠራዊቱን በሌላው ዳር ማዘዝ አይችልም። ስለዚህ ለጎንደር ነገሥታት ድልድይ መሥራት የመንግሥት ጉዳይ እንጂ የምቾት ጉዳይ አልነበረም።

በአባይ ላይ የመጀመሪያው የድንጋይ ድልድይ በጢስ ዓባይ ፏፏቴ አጠገብ፣ አላታ በሚባለው ስፍራ፣ በአፄ ሱስንዮስ ዘመን በ1626 ገደማ ተሠራ። ይህ ሊሆን የቻለው ኖራ በመገኘቱ ነው። ኖራን አቃጥሎ ለግንብ ማጣበቂያ የማዋል ሙያ በዚያ ዘመን ከኢየሱሳውያን ጋር በተያያዘ መንገድ ወደ ሀገር ገባ፤ ድልድዩን የገነባውም ከሕንድ የመጣ ግንበኛ ነበር። ሁለተኛው፣ ማለትም የዛሬው ሰባራ ድልድይ፣ በአፄ ፋሲለደስ ዘመን በ1660 ገደማ ተሠራ። የአካባቢው ትውፊት ኖራው በእንቁላል ተለውሶ እንደ ተሠራ ይናገራል። ትውፊቱ የኬሚስትሪ ማስረጃ ነው ብዬ አልከራከርም፤ ሕዝቡ ሥራው ምን ያህል ብርቅ ሆኖ እንደ ታየው ግን በግልጽ ያሳያል።

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ። በውጭ ቋንቋ በተጻፉ የጉዞ መጻሕፍትና ካርታዎች ይህ ድልድይ ሁለተኛው የፖርቱጋሎች ድልድይ ተብሎ ይጠራል። ዓመቱን ግን እስቲ ተመልከቱ። ፋሲለደስ በ1632 ዙፋን ላይ እንደ ወጣ የካቶሊክን እምነት ሽሮ፣ ቀጥሎ ኢየሱሳውያንን ከሀገር አስወጥቷል። ድልድዩ ከዚያ ሩብ ምዕተ ዓመት በኋላ የተሠራ ነው። ታዲያ በምን ስሌት የፖርቱጋሎች ይሆናል? የሚሰጠው መልስ ዘዴው ከእነርሱ የመጣ ነው የሚል ነው። ዘዴ ግን የሚኖረው በሠሪው እጅ ነው። በአላታ ድንጋይ ያቀበለ ወጣት በሠላሳ አራት ዓመት ውስጥ ሽማግሌ ግንበኛ ሆኖ ልጁንም የልጅ ልጁንም ማስተማር ይችላል። የጎንደር ግንቦችም የቆሙት በዚህ ዓይነት የተላለፈ ሙያ ነው። ሙያው የመጣበትን በር ማመስገን ተገቢ ነው፤ ቤቱን ሁሉ በበሩ ስም መጥራት ግን ታሪክን ማዛባት ነው። በበኩሌ በተማሪ ጽሑፍ ውስጥ የፖርቱጋሎች ድልድይ የሚል ሐረግ ያለ ማብራሪያ ሲቀርብልኝ አላልፈውም።

ይህ የስም አሰጣጥ ልማድ በዚያ ዘመን ብቻ የቀረ አይደለም። በ1880ዎቹ በንጉሥ ተክለ ሃይማኖት ትእዛዝ በጎጃም በተምጫ ወንዝ ላይ የተሠራው ድልድይ ሲነሳ በመጀመሪያ የሚጠቀሰው ጣሊያናዊው ኮንት ሳሊምቤኒ ነው። እርሱ በእርግጥ መሐንዲሱ ነበር። ድንጋዩን የፈለጡ፣ ውኃውን የቀለበሱ፣ ኖራውን የተሸከሙ ሰዎች ግን በጅምላ ሠራተኞች ተብለው ያልፋሉ።

የሰባራ ድልድይ ቅስቶች ከ270 ዓመት በላይ ሰውን፣ በቅሎንና የገበያ ጭነትን አሻገሩ። በኢጣሊያ ወረራ ዘመን ግን አርበኞች የጠላት ጦር እንዳይሻገርበት የድልድዩን አንድ ክፍል ሰበሩት። ስሙም ከዚያ በኋላ ሰባራ ሆነ። ልብ በሉ፤ የውጭ ሰው ያወጣለት ስም ማን ሠራው የሚለውን ያስታውሳል፤ የሀገሬው ሰው ያወጣለት ስም የሚያስታውሰው መሰበሩን ነው። አያቶቹ የገነቡትን ድልድይ የሰበረ ሰው ከራሱ ገበያ፣ ከራሱ ዘመድ፣ ከራሱ ደብር መንገድ እንደሚቆርጥ ያውቅ ነበር። የአርበኝነት ታሪካችን ብዙውን ጊዜ ስለ ወደቁ ሰዎች ይናገራል። ከነጻነት በኋላ ስድስት አሥርት ዓመታት በገመድ ሲሻገር የኖረው ሕዝብ የከፈለው ዋጋ ግን ከዚያው መዝገብ የሚገባ ነው።

አሁን ወደ ገመዱ ልምጣ። ድልድዩ ከተሰበረ በኋላ መንገደኛው ወገቡን በገመድ ታስሮ በክፍተቱ ላይ ይንጠለጠላል። በሁለቱም ዳር የቆሙ ሰዎች፣ በየወገኑ አሥር ያህል ሆነው፣ አንዱ ወገን ገመዱን እየለቀቀ ሌላው እየሳበ ያሻግሩታል። ከታች አባይ አለ። ለምን አሥር ሰው አስፈለገ ብሎ የሚጠይቅ ተማሪ ካለ ጥያቄው መልካም ነው፤ መልሱም የተንጠልጣይ ድልድይን ምሥጢር ሁሉ ይዟል።

ክብደቱ 60 ኪሎ የሆነ ሰው በገመድ መካከል ተንጠልጥሏል እንበል። ገመዱ በመካከሉ የሚረግበው የክፍተቱን ስፋት አንድ ሃያኛ ብቻ ቢሆን፣ እያንዳንዱ ጫፍ ወደ ውስጥ የሚሳብበት ኃይል የሰውየው ክብደት አምስት እጥፍ፣ ማለትም 300 ኪሎ ያህል ይሆናል። ለአሥር ሰው ሲካፈል ለአንዱ 30 ኪሎ ይደርሰዋል። ገመዱ ይበልጥ እንዲወጠር በፈለጉ ቁጥር ሸክማቸው ይጨምራል፤ ከለቀቁት ደግሞ መንገደኛው ወደ ውኃው ይቀርባል። እነዚያ ሰዎች ይህን ቀመር በወረቀት ላይ አላሰሉትም፤ በወገባቸውና በመዳፋቸው ግን ያውቁት ነበር። በተንጠልጣይ ድልድይ ሥራ መልሕቅ የምንለው፣ በሁለቱ ዳሮች ገመዱን ይዞ የሚቀረው የድንጋይና የኮንክሪት ግዙፍ አካል፣ በሰባራ ድልድይ ለብዙ አሥርት ዓመታት የሰው አካል ነበር።

ይህ ትዕይንት በዓለም ፊት የቀረበው ናሽናል ጂኦግራፊክ መጽሔት በታኅሣሥ ወር 2000 እትሙ ስለ ጥቁር አባይ ባወጣው ዘገባ ውስጥ ፎቶግራፉ ሲታተም ነው። ኬን ፍራንትዝ የተባለ አሜሪካዊ የግንባታ ሥራ ተቋራጭ በ2001 ተሽከርካሪው እስኪጠገን ሲጠብቅ መጽሔቱን አገላብጦ ፎቶግራፉን አየ። በዚያው ዓመት ብሪጅስ ቱ ፕሮስፐሪቲ የሚባለውን ድርጅት አቋቋመ፤ በ2002ም ከአካባቢው ሕዝብ ጋር ሆኖ የተሰበረውን ክፍል በብረት ድልድይ ሞላው። ብረቱ በመኪና መንገድ የደረሰ አይደለም፤ በሰው ትከሻና በአህያ ጀርባ ወደ ሸለቆው ወረደ። ድርጅቱ ከዚያ በኋላ ወደ ሌሎች ብዙ ሀገሮች ተስፋፍቶ በርካታ የእግረኛ ድልድዮችን ሠርቷል። በሌላ አነጋገር፣ በዓለም ላይ ያሉ በርካታ የገጠር ድልድዮች የዘር ሐረጋቸው የሚመዘዘው ከሞጣ በታች ካለው ሸለቆ ነው።

ጥገናው ግን አልከረመም። በ2005 የመጣው ጎርፍ ብረቱን ጠርጎ ወሰደው። ምክንያቱን መረዳት አያዳግትም፤ አዲሱ ብረት ያረፈው በአሮጌው ድልድይ ከፍታ ላይ ነበር፤ በዚያ ከፍታ ደግሞ የክረምት አባይ ይደርስበታል። የድንጋዩ ቅስት ክብደት ነበረው፤ ቀላሉ ብረት ግን ጎርፉንና ጎርፉ የሚያመጣውን ግንድ የሚቋቋምበት አቅም አልነበረውም። በዚህ ምክንያት በ2009 ሌላ ዓይነት መፍትሔ ተመረጠ፤ ወንዙን ከነጎርፉ ከፍ ብሎ የሚያልፍ የብረት ገመድ ድልድይ። የሰው እጅ ይዞት የነበረው ገመድ በመጨረሻ በዳገቱ ውስጥ ከተቀበረ መልሕቅ ጋር ታሰረ።

ይህ ዓይነቱ ድልድይ ለእኛ አዲስ ቢሆንም በዓለም ላይ ግን ጥንታዊ ነው። በፔሩ በአፑሪማክ ወንዝ ላይ ያለው ቄስዋቻካ የተባለው ድልድይ የተሠራው ከሣር ነው። አራት የገበሬ ማኅበረሰቦች በየዓመቱ በሰኔ ወር ተሰብስበው ሣሩን ይገምዳሉ፤ አሮጌውን ቆርጠው ይጥላሉ፤ አዲሱን ይዘረጋሉ። በቲቤት ታንግቶንግ ጊያልፖ የተባለው መነኩሴ በ15ኛው ምዕተ ዓመት በብረት ሰንሰለት ብዙ ድልድዮችን አሠርቷል። የእኛ ሀገር ገበሬም ለጎጆው፣ ለአጥሩና ለእንስሳቱ ገመድ ሲገምድ ኖሯል፤ የእንሰት ቃጫ ምን ያህል ጠንካራ እንደሆነ ለከምባታና ለሀዲያ ሰው መንገር ለቀባሪው ማርዳት ነው።

በብረት ሽቦ ዘመን የዚህ ሙያ ታላቅ ስም ጆን ሮብሊንግ ነው። ሐሳቡ ለአማርኛ ተናጋሪ እንግዳ አይደለም፤ ድር ቢያብር አንበሳ ያስር እንላለን። የብሩክሊን ድልድይ አራት ዋና ገመዶች አሏቸው፤ እያንዳንዱ ከ5,000 በላይ ቀጫጭን የብረት ሽቦዎችን ጎን ለጎን አስተኝቶ በማሰር የተሠራ ነው። በማማዎቹ መካከል ያለው ርቀት 486 ሜትር ነው። ሮብሊንግ ራሱ በ1869 የድልድዩን ቦታ ሲለካ እግሩ በጀልባ ተጨፍልቆ በመንጋጋ ቆልፍ ሞተ። ልጁ ዋሽንግተን ሥራውን ተረከበ፤ እርሱም ከወንዙ በታች በታመቀ አየር ውስጥ መሠረት ሲያስቆፍር በሚመጣው ሕመም በ1872 አልጋ ላይ ዋለ። ከዚያ በኋላ ድልድዩ በ1883 እስኪመረቅ ድረስ የባሏን ትእዛዝ ለሠራተኞቹ እያደረሰች፣ ሒሳቡን ራሷ አጥንታ እየተከራከረች ሥራውን ያገናኘችው ባለቤቱ ኤሚሊ ናት።

ከብሩክሊን ታሪክ ለታሪክ ተማሪ ከሁሉ የሚጠቅመው የሽቦው ማጭበርበር ይመስለኛል። ሽቦ አቅራቢው ሄግ ፍተሻ ያለፈውን ጥሩ ሽቦ በመንገድ ላይ በመጥፎ እየለወጠ ያስረክብ ነበር። በ1878 ሲደረስበት መጥፎው ሽቦ በገመዱ ውስጥ ገብቷል፤ ማውጣትም አይቻልም። ድልድዩ የዳነው አባትዬው ገመዶቹን ከሚያስፈልገው ስድስት እጥፍ ጠንካራ አድርጎ ስለ ነደፋቸው ነው፤ ከማጭበርበሩም በኋላ አምስት እጥፍ ያህል ይቀራል ተብሎ ተሰላ፤ በእያንዳንዱ ገመድ ላይ ደግሞ 150 ተጨማሪ ሽቦ እንዲገባ ተደረገ። መጥፎው ሽቦ እስከ ዛሬ በዚያው ውስጥ አለ። ይህን ሁሉ የምናውቀው ደረሰኙ፣ ደብዳቤውና የፍተሻው መዝገብ ስለ ተጠበቀ ነው። በእኛ ሀገር ስለ ተሠሩ ድልድዮች እንዲህ ያለ መዝገብ ከፍተን የምናነብበት ጊዜ መቼ ይሆን?

አንድ የስያሜ ጉዳይ ላንሳ። በአማርኛ ተንጠልጣይ ድልድይ የምንለው ቢያንስ ሁለት የተለያዩ ነገሮችን ይሸፍናል። በአንደኛው ዓይነት ዋናው ገመድ በሁለት ማማዎች ላይ አልፎ መተላለፊያውን ከላይ በተንጠለጠሉ ዘንጎች ይይዘዋል፤ ብሩክሊንና ጎልደን ጌት እንዲህ ናቸው። በሁለተኛው ዓይነት መተላለፊያው ራሱ በገመዱ ላይ ተነጥፎ ወደ መካከሉ ይረግባል፤ ሰባራ ድልድይ ላይ የተሠራው ይህ ነው። ርካሽም ቀላልም ነው፤ ነገር ግን ሁለቱ ዳሮች ከፍ ያሉ መሆን አለባቸው። በአንጻሩ ከእነዚህ ከሁለቱም ያልሆኑ ድልድዮች በጋዜጠኞቻችን አንደበት ተንጠልጣይ ሲባሉ እሰማለሁ። በአባይ በረሃ በጃፓን መንግሥት እርዳታ ተሠርቶ በጳጉሜ 2000 ዓ.ም. የተመረቀው የሕዳሴ ድልድይ፣ እንዲሁም በባሕር ዳር በግንቦት 2016 ዓ.ም. የተመረቀው 380 ሜትር የሚረዝመው የአባይ ድልድይ ገመድ ይታይባቸዋል። ይሁን እንጂ በእነርሱ ጭነቱን በዋናነት የሚሸከመው የኮንክሪቱ አካል ሲሆን ገመዶቹ ከማማው ሰያፍ ወርደው ያግዙታል። ቋንቋችን ለሦስቱ ሦስት ቃል ያስፈልገዋል፤ የምህንድስና ተማሪዎች ከቋንቋ ክፍሉ ጋር ቁጭ ብላችሁ ብትመክሩበት ደስ ይለኛል።

ይህ ሁሉ ለአዲሎ ምኗ ነው የሚል ሰው ይኖራል። እኔ ተወልጄ ያደግሁት እዚሁ አካባቢ ነው። እዚህ አባይ የለም፤ ከተራራው እየተምዘገዘጉ ወደ ብላቴም ወደ ኦሞም የሚወርዱ ወንዞች ግን አሉን፤ ከሰዓት በፊት በጫማ የተሻገርነውን ወንዝ ዝናብ ከጣለ በኋላ ማታ መሻገር እንደማንችል ሁላችንም እናውቃለን። ዝንጅብሏን ተሸክማ ወደ ገበያ የወጣች እናት ከጎርፉ ማዶ ስትቀር በዚያ ቀን የሚጠፋው የእርሷ ሽያጭ ብቻ አይደለም። ይህ ግምት አይደለም፤ ብሩክስና ዶኖቫን የተባሉ የምጣኔ ሀብት ተመራማሪዎች በኒካራጓ ገጠር ያንኑ ከሰባራ ድልድይ የተወለደው ድርጅት በሠራቸው የእግረኛ ድልድዮች ላይ ጥናት አድርገው በ2020 አሳትመዋል። ድልድይ በሌለባቸው መንደሮች ጎርፍ ሲመጣ ሰዎች በቅጥር ሥራ የሚያገኙት ገቢ በ18 በመቶ ይቀንሳል፤ ድልድይ ባለባቸው ግን ይህ ጉዳት ጠፍቷል። ከሁሉ ያስደነቀኝ በእርሻ ላይ የታየው ለውጥ ነው። ገበሬው ጎርፍ ቢመጣም ከመንደሩ ወጥቶ ገንዘብ ማግኘት እንደሚችል ሲያረጋግጥ ለክፉ ቀን ብሎ የሚያከማቸውን ቀንሶ በማሳው ላይ የሚያወጣውን ጨመረ።

ለታሪክ ክፍል ተማሪዎች የማቀርበው ጥያቄ ደግሞ ከዚህ ይለያል። በከምባታና በሀዲያ በየወንዙ ላይ በደቦ ግንድ ጥለው ድልድይ የሠሩ፣ ጎርፍ ሲወስደው በሚቀጥለው ዓመት እንደ ገና የሠሩ ሰዎች ዛሬም በሕይወት አሉ። ግንዱ ከማን ግቢ ተቆረጠ? ሥራውን ያዘዘው ማን ነበር፣ ያልመጣ ሰውስ ምን ይቀጣ ነበር? ድልድዩ በማን ስም ይጠራል? ለመመረቂያ ጽሑፍ ርእስ አጣሁ እያላችሁ ወደ ቢሮዬ የምትመጡ ብዙ ናችሁ። ከዚህ አዳራሽ በእግር በሚደረስበት ርቀት ውስጥ ቢያንስ የአንድ ዓመት ሥራ አለ። ሽማግሌዎቹን ስትጠይቁ በከምባትኛ ወይም በሀዲይኛ ጠይቁ፤ የግንዱን፣ የማሰሪያውን፣ የመሻገሪያውን ስም እነርሱ እንደሚሉት ጻፉ፤ ትርጉሙን ከዚያ በኋላ አማርኛ አድርጉት።

ሰባራ ድልድይን በተመለከተ ደግሞ ገመዱን በእጃቸው የሳቡ ሰዎች፣ በ2002 ብረቱን ያወረዱና በ2009 የብረት ገመዱን የዘረጉ ሰዎች በአንድ ሸለቆ ውስጥ ይገኛሉ። ከእነዚህም መካከል ሦስቱንም የሠራ ሰው ቢገኝ አይገርመኝም። ከሞጣ ቁልቁል የእግር ጉዞው ከባድ ነው፤ መሄድ የምትፈልጉ ከጥቅምት በፊት አትሞክሩት። የሸለቆውን ካርታ በመግቢያው በር በስተቀኝ ሰቅዬዋለሁ፤ ጥያቄያችሁን ከጨረስን በኋላ ቀርባችሁ ልትመለከቱት ትችላላችሁ።

ጥያቄ ያለው እጁን ያውጣ።